የጋሽ ወዳጆ አውራ ጣት

«ቲቸር፣ ሕመሙን ከአሥር ስንት ይሰጡታል?»

ይህ ጥያቄ ከቀረበልኝ ወራት አልፈዋል፤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። የጠየቀችኝ አራተኛ ክፍል ሳለች አማርኛ ያስተማርኳት ልጅ ናት። አሁን ነጭ ጋውን ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ የሰው ጉልበት የምታጥፍና የምትዘረጋ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሆናለች። እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ ደግና ትጠብቀኛለች። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ከአሥር ማርክ ስሰጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ለቃል ጽሕፈት፣ ለድርሰት፣ ለደብተር አያያዝ ሳይቀር ሰጥቻለሁ። ለዚህችው ልጅ በቃል ጽሕፈት ከስድስት በላይ ሰጥቻት አላውቅም፤ አራት ነጥብ ማስቀመጥ ትረሳ ነበር። ለራሴ እግር ግን ቁጥር አጣሁለት። የቱን ነው የጠየቀችኝ? ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የሚቀበለኝን? ሰኔ ሲገባ፣ ዝናቡ ገና ከጫካው ማዶ ሳለ አጥንቴ ውስጥ ቀድሞ የሚደርሰውን? ወይስ ያን የኅዳር እሑድ፣ ጋሽ ወዳጆ አውራ ጣታቸውን ከጉልበቴ በታች ባሳረፉ ጊዜ የነበረውን? ያ አሥር ከሆነ የዛሬው ምን ሊባል ነው?

«አምስት በዪው» አልኳት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም። ግን ባዶ መተው ጥሩ አይደለም።»

ሳቀች። ይህን አባባል ስንት ፈተና ላይ ከእኔ እንደሰማች ታስታውሳለች። አምስት ብላ ጻፈች፤ እኔም ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ።

ቦንጋ ውስጥ ሜዳ መንገድ የለም፤ ወይ ይወጣል ወይ ይወረዳል። ጤነኛ እግር ያለው ሰው ይህን አያስተውልም። እኔ ግን የከተማዋን እያንዳንዱን ዳገትና ቁልቁለት እንደ ራሴ የእጅ ጽሑፍ አውቀዋለሁ። አሁን አስፋልት ተነጥፏል፣ ባጃጁ አፍንጫ ስር ይሽከረከራል። ያኔ፣ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ዞናችን እንኳ የትኛው ስም እንደሚጸናለት ገና ባልለየበት ጊዜ፣ መንገዱ ቀይ ጭቃ ነበር። ነጭ ሸራ ጫማ ያላት ተማሪ ቅዳሜ ታጥበዋለች፣ እሑድ በጠመኔ ታነጣዋለች፤ ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ሳትደርስ ቀልቶ ይጠብቃታል። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር በብር ከምናምን ይገዛ ነበር። ከገበያው መውጫ ላይ ልብስ ሰፊዎች በረንዳው ላይ ተደርድረው የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ፤ ከጎናቸው ያለው ካሴት ቤት ደግሞ አንዱን የፍቅር ዘፈን ካሴቱ እስኪሞሽሽ ድረስ ይደጋግመዋል። ከዚያ ቀጥሎ ፎቶ ቤቱ አለ። መጋረጃው ላይ ቦንጋ ውስጥ ማንም አይቶት የማያውቅ ባሕርና ሁለት ዘንባባ ተስሎበታል። አራት ጉርድ ፎቶ ስድስት ብር ነበር፤ ፎቶ አንሺው «ትንፋሽ ያዙ» ይልና እሱ ራሱም ትንፋሹን ይይዛል።

ከቡና ለቀማ ወደ ደብተር የገባሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አባቴ ቀድሞ ሞተ፣ እናቴ ታማሚ ነበረች፣ መንደራችን ማንኪራ ያለው የጫካ ቡናችን ለቃሚ ይፈልጋል፣ ሴት ልጅ ደግሞ እጅ አላት። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ሃያ አራት ሞልቶኝ ነበር። ቦንጋ፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ የእናቴ ዘመድ ሻይ ቤት ጓሮ አድሬ እማራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ማንኪራ እሄዳለሁ። የክፍሌ ልጆች «እማማ» ይሉኝ ነበር። ፈተና ላይ ከፊት ያለው ዞር ይልና «እማማ፣ ሰባተኛዋን ብቻ» ይላል። አሳያቸው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አውቄ፣ የተሳሳተውን አሳይቻለሁ።

የቤታችን አዛዥ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ በቀለ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቃሉ ግን አንድ ነው። ያን ዓመት መስከረም ላይ ቦርሳዬን ስሸክፍ እንዲህ አለኝ፦ «ስምንተኛን ዘንድሮ ካለፍሽ አለፍሽ። ካላለፍሽ ያ የዋጫው ሰውዬ ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ እኔም እንቢ የምልበት አፍ የለኝም።» የዋጫው ሰውዬ ዋጫ ከተማ የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት ቡና ነጋዴ ነበር። አንድ ቀን እትዬ አስካለ ሻይ ቤት ተቀምጦ ዓይኑን ከእጄ ሳይነቅል ሻዩን ጨርሷል። ጠንካራ እጅ እንዳለኝ ለማየት መሆኑ ገብቶኛል። መጽሐፌን ደረቴ ላይ ይዤ ወደ ጓሮ ገባሁ።

ስለ ሌላም ነገር መናገር አለብኝ። በሰፈራችን የማይጮህ ሰው ይከበር ነበር። «ቻይ ናት» ከተባለች ሴት በላይ የተመሰገነች የለችም። ጋሼ በቀለ ጎረምሳ ሳለ መንጋጋውን ገበያ መሀል በጉጠት አስነቅሎ፣ ድምፁን ሳያሰማ ደሙን ትፍ ብሎ «አሳዩኝ እስቲ» ብሎ ጥርሱን ተቀብሏል፤ ይህን ታሪክ በየሠርጉ ሰምተነዋል፣ ጥርሱም በየሠርጉ ያድጋል። እናቴ ስምንት ወልዳ ጎረቤት አንድም ቀን ምጧን አልሰማም ይባላል። ከስምንቱ የቀረነው ሁለት ነን። ያን ጊዜ እነዚህን ሁለት ነገሮች አጠጋግቼ አላየኋቸውም ነበር።

ኅዳር ነበር። የጫካ ቡና እንደ ጓሮ ቡና አይደለም፤ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይረዝማል፣ ቅርንጫፉን በቆልማማ እንጨት ወደ ራሳችን ስበን ነው የምንለቅመው። የሳይንስ ደብተሬን በመቀነቴ ሸጉጬ ነበር፤ ጥቂት እለቅማለሁ፣ ጥቂት እገልጣለሁ። የሚያዳልጥ የዛፍ ሽበት ያበቀለ የወደቀ ግንድ ላይ ቆሜ፣ አንድ እጄ በቅርንጫፉ አንድ እጄ በደብተሩ ሳለ፣ ግንዱ ከሥሬ ሸሸ። ስወድቅ ከጉልበቴ በታች ቀጭ ሲል ሰማሁት። መጀመሪያ የመጣው ሕመም አልነበረም፤ ድምፁ ነው። ሕመሙ ደብተሬን ከጭቃው ካነሳሁ በኋላ ደረሰ። ከዚያ በኋላ እንደ ሰው መተንፈስ አልቻልኩም።

የሚኒስትሪ ፈተና ምዝገባ የሚዘጋው ከዚያ እሑድ በኋላ በሁለተኛው ዓርብ ነበር። ዳይሬክተራችን ሰልፍ ላይ ደጋግመው ተናግረዋል፤ ጉርድ ፎቶውን ይዞ ራሱ ያልቀረበ ተማሪ ዘንድሮን ይርሳው። እግሬ ተሰብሯል ከተባለ ደግሞ መደብ ላይ ሁለት ወር መጋደም ነው። መደብ ላይ ተጋድሜ የዋጫው ሰውዬ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ሲቆሙ ታየኝ። ወንድሜ ተሸክሞ ቤት እስኪያደርሰኝ ድረስ ሐሳቤን ጨርሻለሁ።

ጋሽ ወዳጆን ጠሩልኝ። የአካባቢው ወጌሻ ናቸው፤ ከወንዙ ማዶ ይኖራሉ። ቀጭን፣ ረጋ ያሉ፣ ከልብሳቸው የለጋ ቅቤ ሽታ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። አውራ ጣታቸው እንደ ማንኪያ ጠፍጣፋና ሰፊ ነው። ቀርከሃቸውንና የእንሰት ቃጫቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው በርከክ ሲሉ ቤቱ በጎረቤት ሞልቶ ነበር፤ ሁሉም «ቻይ፣ ቻይ፣ አይዞሽ፣ ቻይ» ይላል።

«ጸጥ በሉ» አሉ ጋሽ ወዳጆ። «እናንተ ቻይ ስትሉ እኔ እታወራለሁ።»

«ለምን ሲባል?» አለች አንዲት ጎረቤት።

«ጩኸት መብራቴ ነዋ። በሽተኛው ካልጮኸ እኔ በጨለማ ነው የምሄደው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ያመመሽ ቦታ ስደርስ ጩኺ። ማንም አይታዘብሽም።»

«የእኛ ቤት ሰው አይጮህም፣ ጋሽ ወዳጆ» አለ ጋሼ በቀለ፣ በኩራት።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። አውራ ጣታቸው ከጉልበቴ ላይ ተነሳ። «እዚህ ነው?» የለም። ትንሽ ወረደ። «እዚህስ?» የለም። የጣሪያውን የጠቆረ ወራጅ እያየሁ የሰባትን ማባዣ በልቤ ጀመርኩ። ሰባት ጊዜ አምስት፣ ሠላሳ አምስት። ሰባት ጊዜ ስድስት፣ አርባ ሁለት። ሰባት ጊዜ ሰባት፣ አርባ ዘጠኝ። አውራ ጣቱ ስንጥቁ ላይ ዐረፈ። ዓይኔ ውስጥ ነጭ ነገር በራ፤ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ሰባት ጊዜ ስምንት ጠፋብኝ። ያ ሕመም ሌላ ማንም ሰው ያልነበረበት ቤት ነበር፤ እናቴ የለችም፣ ወንድሜ የለም፣ እኔም ብሆን በሩ ላይ ነበርኩ።

«እዚህ ነው?»

«የለም» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ጣታቸውን አላነሱም። ዓይናቸውን ገለጡና ፊቴን ረጅም ጊዜ አዩት።

«እጄ አዎ ይላል፣ አፍሽ የለም ይላል» አሉ ቀስ ብለው። «የእግሩ ባለቤት አንቺ ነሽ። አንዴ ልድገመው፤ እዚህ አይደለም?»

«አይደለም። ቁርጭምጭሚቴ ነው።»

ቁርጭምጭሚቴን በቅቤ አሹት፣ በቃጫ ጠፈሩት። ሲነሡ ለቤቱ ሰው «ወለምታ ነው ትላለች» አሉ። ወደ እኔ ደግሞ ጎንበስ ብለው «ለማንኛውም አርባ ቀን አትርገጪበት» አሉኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ያደነቀው እኔን ነበር። «ምን ዓይነት ልጅ ናት፣ ዓይኗ እንኳ አልረጠበም።» ጋሼ በቀለ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት «እህቴ» ብሎ ጠራኝ። ምስጋናው እንደጣፈጠኝ አልክድም። ያን ጣዕም ዛሬም አውቀዋለሁ፤ ስለማውቀውም እጠላዋለሁ።

በሰባተኛው ቀን ረገጥኩበት። ወለምታ ነው ተብሏልና ወንድሜ ራሱ በበቅሎ ጭኖ ቦንጋ አደረሰኝ። ከፎቶ ቤቱ በር ላይ አወረደኝና የእትዬ አስካለን ሰማያዊ ሹራብ ለብሼ ባሕሩና ዘንባባው ፊት ተቀመጥኩ። «ትንፋሽ ያዙ» አለ ሰውየው። እኔማ ይዤዋለሁ። ያ ፎቶ አሁንም አለኝ። ከወገብ በላይ ነው፤ እግር አይታይም። ፊቴ ላይ ምንም የለም፣ ፍጹም ምንም፣ እንደ ታጠበ ሰሌዳ። ሰው «እንዴት ታምሪያለሽ» ሲለኝ ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ።

ሰኔ ላይ ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ወንድሜ በግ አረደ፣ የዋጫው ሰውዬ ሌላ ቦታ አገባ። እግሬ ግን በዚያ ሰባት ወር ውስጥ የቦንጋን ዳገት እየወጣና እየወረደ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ተጣመመ። በኋላ ጅማ ሄጄ ራጅ የተነሣሁ ጊዜ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ «መጀመሪያ ስንጥቅ ብቻ ነበር። ብታርፊበት ቀጥ ብሎ ይገጥም ነበር። ማን ነው ያሠረሽ?» አለ። «ወጌሻ» አለ ጋሼ በቀለ፣ እኔን ቀድሞ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ወንድሜም ነቀነቀ። እኔ ወለሉን አየሁ። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። ግን ዘጠነኛ ክፍል ተመዝግቤአለሁ፣ ወጪዬን የሚችለው እሱ ነው፤ ዋሽታኛለች ቢል ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ፍርሃቱ ለአንድ ዓመት በቂ ምክንያት ነበር። ለቀሩት ዓመታት ምክንያት የለኝም።

ወሬው ከእኔ እግር ፈጠነ። «ወዳጆ ያበላሻት ልጅ» ተባልኩ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ክንዷን በነጠላ ያንጠለጠለች ልጅ የያዘች እናት «ጥሩ ወጌሻ ወዴት ነው?» ብላ ጠየቀች። ጋሼ በቀለ ወደ እኔ አመለከተ፤ «ከወዳጆ በቀር ወደ ማንም ውሰጃት። ይኸው የእሳቸው ሥራ።» ሴትዮዋ እግሬን አየች፣ ከንፈሯን መጠጠች፣ ሄደች። እኔ ሸራ ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ ስመለከት ቆየሁ። ሌሎችም እንደ እሷ ሄዱ። ዓመት በዓመት ከወንዙ ማዶ የሚሻገር ሕመምተኛ እየቀነሰ ሄደ፤ ጋሽ ወዳጆ የንብ ቀፎአቸውን ብቻ መጠበቅ ጀመሩ። አንድ ጊዜ ድልድዩ ላይ ተገጣጠምን። ልሸሽ አልችልም፤ በዚህ እግር ማን ይሸሻል።

«ትምህርቱ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደኅና ነው፣ ጋሽ ወዳጆ።»

«በርቺ።» ስለ እግሬ አልጠየቁኝም። ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ እዋሽ ነበር፤ ስላልጠየቁኝ ግን ሙሉ ሌሊት… አይ፣ ሌሊት አልልም፤ ሙሉ ሴሚስተር አስጨነቀኝ።

አስተማሪ ሆንኩ። ቆሜ አስተማርኩ፣ ተቀምጬ አላስተማርኩም፤ ወንበር ያመጡልኝን ሁሉ አመሰግንና መጽሐፍ አስቀምጥበታለሁ። በእነዚያ ዓመታት ሕመሜን እንደ ቃላት ለየሁት። ጠዋት ይጠዘጥዛል። ዳገት ላይ ይወጋል። ብዙ ስቆም ይነድዳል። ዝናብ ሲቀርብ ይቆረጥማል፤ ቆርጥሞ ቆርጥሞ ሲጠግብ ይነዝራል። ቋንቋችን ለዚህ ሀብታም ነው፤ ሰዎቻችን ግን ይህን ሁሉ ቃል ይዘው ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ሁሉንም ያመኛል» ወይም «ምንም አይል» ብቻ ይላሉ። አንዱም መልስ አይደለም፤ ሁለቱንም በቀይ አሰምርበት ነበር።

ጎረቤቶቼ መልካም ሰዎች ናቸው፤ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ሊያጽናናኝ ይመጣል፤ በዚህ ጉዳይ ብቻ ይስማማሉ። ፈጣሪ የወደደውን ይፈትናል ይሉኛል። እንግዲያው ትንሽ ቢጠላኝ ምን ነበረበት? ሕመም ያስተምራል፣ ያጠራል፣ ያበስላል ይሉኛል። እኔን ያስተማሩኝ መምህሮቼና መጻሕፍት ናቸው፤ ለሕመም የምሰጠው ምስክር ወረቀት የለኝም። ሕመም በር ላይ ቆሞ ቤቱ እየተቃጠለ ነው የሚል መልእክተኛ ነው። መልእክተኛን ሰምተው ያሰናብቱታል እንጂ አፉን አፍነው ሳሎን አስቀምጠው ሃያ ዓመት አይቀልቡትም። እኔ ያደረግሁት እሱን ነው። የቻልኩት ሕመሙን አልነበረም፤ ሕመሙንማ ማንም ይችለዋል፣ ምርጫ የለውምና። በእኔ ዝምታ አንድ ንጹሕ ሰው ስሙን ሲያጣ ማየት መቻሌ ነው የሚያስጠይቀኝ። ስለ ፈተናው ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ያን ዓርብ ቆሜ ተመዝግቤአለሁ። አንዲት ሴት እግሯንና ደብተሯን እንድታማርጥ ያደረጓት እነማን እንደሆኑ እነሱ ይጠየቁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያ መንግሥት ራሱ ወደ ማምሻው በተጠጋበት ጊዜ፣ ለክረምት ዕረፍት ማንኪራ ሄጄ ነበር። ጋሼ በቀለ ስልሳውን እያንኳኳ ነው፤ ዛፍ መውጣት ግን አልተወም። አንድ ረፋድ ላይ ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ከነገመዱ ወረደ። ስንደርስለት ታፋው ከጉልበቱ በላይ ያለ ቦታው ዞሯል። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ከንፈሩን ነክሷል፣ ድምፅ የለም። መኪና እስከ መንደራችን አይገባም፤ ጭቃው በቅሎ እንኳ ይውጣል። ወንዶቹ ቃሬዛ ሠርተው እስከ ትልቁ መንገድ ሊሸከሙት ተነሡ። አነሱት፤ ዓይኑ ተገለበጠ። መልሰው አስቀመጡት። ሳይታሰር ማንቀሳቀስ አይቻልም፤ ማሰር የሚያውቅ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ከወንዙ ማዶ።

«እሳቸውን አይደለም» አለ ጋሼ በቀለ በጥርሱ መሀል። «ያ ሰው እህቴን አበላሽቷል። እጁ እኔን አይነካኝም።»

ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማንም አልተነሣም። ከዘራዬን አነሣሁና ራሴ ሄድኩ።

ጋሽ ወዳጆ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። ነገሩን ስነግራቸው ከቆጥ ላይ ቀርከሃና ቃጫ አወረዱ። ሁለታችንም በዱላ፣ ሁለታችንም በቀስታ፣ ጭቃውን እየመረጥን ተመለስን። መንገድ ላይ ቆም አልኩ።

«ጋሽ ወዳጆ፣ ያን ጊዜ፣ እኔ…»

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አሉኝ ሳይቆሙ። «እኔማ እዚያው ነበርኩ። የሚነገረው ለማያውቅ ነው።»

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጋሼ በቀለ ሲያያቸው ክርኑን መሬት ላይ ተክሎ ሊነሣ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ብያለሁ» አለ። «እጃቸው አይነካኝም። ከፈለጋችሁ እዚሁ ልሙት። እግሯን እዩ።»

«እዩት» አልኩ። እኔ በሰው ፊት ጮክ ብዬ የምናገር ሰው አይደለሁም፤ ክፍል ውስጥ እንኳ ልጆቹ ዝም ብለው ነው የሚሰሙኝ። ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰበሰብኩት። የተጣመመውን እግሬን ከተማው ያየው በጨርቅ ውስጥ ነው፤ እንዲህ ተገልጦ ያየው የለም። «እዚህ ላይ ነው የተሰነጠቀው። ሲሰነጠቅ ሰምቼዋለሁ። ጋሽ ወዳጆ እዚሁ ላይ አውራ ጣታቸውን አድርገው እዚህ ነው ወይ አሉኝ፤ የለም አልኳቸው። ሁለተኛ ጠየቁኝ፤ አይደለም አልኩ። አርባ ቀን አትርገጪ አሉኝ፤ በሰባተኛው ቀን ረገጥኩ። ፈተና እንዳያመልጠኝ፣ ለዋጫው ሰው እንዳትሰጠኝ ብዬ ነው። እግሬን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። እሳቸው ትክክል ነበሩ።»

ወንድሜ እግሬን አየ፣ ፊቴን አየ፣ መልሶ እግሬን አየ። የሚቀየመው ሰው አልቀረም፣ ከእኔ በቀር።

«አንቺ» አለ። «ይኼን ሁሉ ዘመን?»

«ይኼን ሁሉ ዘመን።»

«እኔ እኮ በየገበያው…»

«አዎ። እኔም አጠገብህ ቆሜ።»

ጋሽ ወዳጆ ቀርከሃቸውን እየደረደሩ ነበር። «ቁርጭምጭሚቷን በከንቱ አሠርኩ» አሉ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል። «ስብራቱስ ምላሷ ላይ ነበር።» አንዱ ጎረቤት ሳቅ አመለጠው፤ ሌላው ተከተለ። እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬ ግን ከሳቁ ቀድሞ ወርዷል፤ አልጠረግሁትም።

እርጅና በከበደው ጉልበታቸው ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያ ጠፍጣፋ አውራ ጣት ከወንድሜ ዳሌ ተነሣ።

«እዚህ ነው?»

«የለም።»

«እዚህስ?»

ጋሼ በቀለ ከንፈሩን ነከሰ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ በፎቶ አለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩና እጁን ያዝኩ።

«ጩህ፣ ጋሼ» አልኩት። «ማንም አይታዘብህም።»

አየኝ። ከዚያም አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ትልቅ ሰው ውስጥ የወጣው ድምፅ ወንዙን ተሻገረ፣ ጫካው ውስጥ ያሉትን ወፎች አስነሣ። «እዚያ ነው፣ እዚያ፣ አዎ፣ እዚያ ነው፣ ወይኔ እናቴ።»

«እሰይ» አሉ ጋሽ ወዳጆ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «አሁን መብራት መጣ። ቀርከሃውን አቀብሉኝ።»